ሌሊት፣ ባዶ መንገድና ቀይ መብራት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው። ከተማዋ ሜዳ በመሆኗ ሳይክል የተማሪውም የሠራተኛውም የዕለት መጓጓዣ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዲላና ሞያሌ የሚወርደው ከባድ ጭነትም በዚያው በኩል ያልፋል። ሁለቱ ሌሊት መስቀለኛ ላይ ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገር የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ ዓምዱን ሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ከማታ ፈረቃ ወጥቼ በሳይክል ወደ አቶቴ ስሄድ ከምሽቱ 5 ሰዓት ያልፋል። መንገዱ ላይ መኪናም ሰውም የለም። ቀይ መብራት ላይ ብቻዬን ቆሜ ስጠብቅ ጓደኞቼ እየሳቁብኝ ያልፋሉ። ግራ ቀኝ አይቼ ባልፍ ማንን እጎዳለሁ?

መልስ፦ መቆምዎ ትክክል ነው፤ ይቀጥሉበት። ቀይ ለሳይክልም ለሲኖትራክም ቀይ ነው፣ በቀኑ 6 ሰዓትም በሌሊቱ 6 ሰዓትም። ግን የጠየቁን ስለ ቅጣት ሳይሆን ስለ ጉዳት ስለሆነ ወደዚያው እንግባ።

«ግራ ቀኝ አይቼ» የሚለው ዘዴ ቀን የሚሠራውን ያህል ሌሊት አይሠራም። ባለ አካፋይ ሰፊ መንገድ ከማቆሚያው መስመር እስከ ማዶ 24 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በሰከንድ የሚጓዘው 4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዶ ለመድረስ 6 ሰከንድ ይፈልጋል። ቆሞ የሚነሳ ከሆነ 8 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና ደግሞ በ6 ሰከንድ 100 ሜትር፣ በ8 ሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገዱ ባዶ ነው ብሎ በ80 የሚነዳ ከሆነ በ8 ሰከንድ 178 ሜትር ይጨርሳል። ሲነሱ «ገና ሩቅ ነው» ያሉት መብራት ማዶ ሳይደርሱ አጠገብዎ ነው።

ርቀቱን መገመትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቀን አንድ መኪና የቱ ጋ እንዳለ የምናውቀው ከግዝፈቱና በጎኑ ካሉት ቤቶችና ዛፎች ነው። ሌሊት የምናየው ሁለት የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። ወደ እኛ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ብርሃን በጣም እስኪቀርብ ድረስ የቆመ ይመስላል። አንድ አምፖሉ የተቃጠለ እንደሆነ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ መብራት አይተው «ሞተር ነው፣ በዚህ በኩል አልፈዋለሁ» ሲሉ የሚመጣው አንድ ዓይኑ የጠፋ አይሱዙ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው አምፖል የግራው ይሁን የቀኙ ደግሞ ከሩቅ አይለይም። በጆሮ መተማመንም ድሮ ቀርቷል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ቀስ ብለው ሲመጡ ድምፃቸው የለም ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በአረንጓዴ የሚመጣው ሾፌር እርስዎን እየፈለገ አለመሆኑ ነው። መንገዱ የእሱ እንደሆነ መብራቱ ነግሮታል፣ አምኖ እየመጣ ነው። ጨለማ ውስጥ ሁለት የማይተያዩ ሰዎች በጋራ የሚያውቁት ነገር ቢኖር የመብራቱ ቀለም ነው። አንዱ ያንን ሲጥስ ሌላኛው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ቢጫም እንንገርዎ፤ ሕግ አክባሪውን ሳይክለኛ ሳይቀር የሚያታልለው እሱ ነውና። ቢጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው 3 ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አቅጣጫ ቀይ የሚሆንበት 1 ወይም 2 ሰከንድ ይኖራል። ድምሩ ለመኪና ይበቃል፤ ማዶ ለመድረስ 6 ሰከንድ ለሚፈልግ ሳይክል ግን አይበቃም። በቢጫ የገባ ሳይክለኛ ገና መሐል ላይ ሳለ ለጎኑ መንገድ አረንጓዴ ይበራል። ከማቆሚያው መስመር 7 ወይም 8 ሜትር ርቀው ሳለ ቢጫ ከበራ ይቁሙ፣ ደህና ፍሬን ያለው ሳይክል በዚያ ርቀት ይቆማል። ከዚያ ከቀረቡ ያልፋሉ፣ ግን ዓይንዎ ከጎኑ መንገድ አይነሳ። ሰከንድ የሚቆጥር ሰሌዳ ያለበት መስቀለኛ ከሆነ 3 እና ከዚያ በታች ሲያሳይ አይግቡ።

ጥያቄ፦ የማታ ታክሲ እሠራለሁ፣ መኪናዬ ቪትዝ ናት። አረንጓዴ ይዤ ስመጣ መብራት የሌለው ሳይክል በጨለማ ፊቴ ድቅን ይላል። ቢገጨኝ ጥፋቱ የማን ነው? እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ቀይ ጥሶ ያለ መብራት የገባው ሰው ጥፋተኛ ነው፤ እርስዎ ከልክ በላይ ሲፈጥኑ ከነበረ ግን ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል። አረንጓዴ «እለፍ» ይላል እንጂ «ከፊትህ ማንም የለም» አይልም። ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ይበልጣልና እሱ ላይ እንቆይ።

በአጭር መብራት ሲነዱ ጥቁር ወይም ቡናማ የለበሰ ሰው የሚታይዎ 30 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። አሁን የመቆሚያዎን ርቀት ከዚህ ጋር ያስተያዩ። ሌሊት አንድ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 1 ሰከንድ ተኩል ይወስድበታል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በዚያ ጊዜ ውስጥ 17 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልት 9 ሜትር ተንሸራቶ ይቆማል፣ ድምሩ 26 ሜትር። በ60 ኪሎ ሜትር ግን 25 ሜትሩን የሚጨርሰው ፍሬን ሳይነካ ነው፣ ለመቆም ደግሞ ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል፣ ድምሩ 45 ሜትር። ይህ ማለት በ40 የሚመጣ ሾፌር ጥቁር የለበሰውን ሳይክለኛ ሳይነካ ይቆማል፤ በ60 የሚመጣው ግን ሲደርስበት ገና በ50 ፍጥነት ላይ ነው። ልዩነቱ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ውጤቱ ግን ሰውየው ተሳድቦ ቤቱ መግባቱ ወይም አለመግባቱ ነው። ክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ 40ም ይበዛል፣ ወደ 30 ይውረዱ።

ቀጥሎ ማየትዎን የሚያግዙ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው የፊት መብራቱን ማስተካከል ነው። መኪናዋን በሜዳ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀት ላይ ያቁሙ። የጎማዎቹ አየር ትክክል ይሁን፣ ኋላ ጭነት አይኑር። የአምፖሉን መሐል ከመሬት ለክተው ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። አጭር መብራቱን ሲያበሩ ብርሃኑ የሚቆረጥበት ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ መንገዱን አያሳይዎትም፤ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ያሳውራል። ማስተካከያው ከመብራቱ ጀርባ ያለው ብሎን ነው።

ሁለተኛው የፊት መስታወት በውስጥ በኩል ነው። ሁሉም ሰው ውጪውን ያጥባል። በውስጥ በኩል ግን ከትንፋሽ፣ ከአቧራና ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የሚወጣ ስስ ቅባት ይጋገርበታል፤ ቀን አይታይም፣ ሌሊት ግን የሌላውን መብራት በትኖ ጭጋግ ያስመስለዋል። ውሃና ጥቂት ሳሙና፣ ከዚያ ደረቅ ጋዜጣ ይበቃዋል።

ሦስተኛው አምፖሉ ራሱ ነው። ለተራ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ የሚያስገቡ አሉ፤ ደማቅ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል። ብርሃኑ የሚነሳበት ነጥብ ከመስታወቱ ልክ ጋር ስለማይገጥም ግን ወደ ላይና ወደ ጎን ይበተናል። አጠገብዎ ያለው አስፋልት ይደምቃል፣ 30 ሜትር ላይ ያለው ሳይክለኛ ይጠፋል፣ ከፊት የሚመጣው ሾፌርም ይታወራል።

መስቀለኛ ላይ ሲደርሱ እግርዎን ከነዳጅ ላይ አንስተው ፍሬን ላይ ያንጠልጥሉ። መጀመሪያ ወደ ግራ ይዩ፣ በቅድሚያ የሚያገኝዎ ከዚያ የሚመጣው ነውና፤ ከዚያ ወደ ቀኝ። ቆመው ከነበረና አረንጓዴ አሁን ከበራልዎ 2 ሰከንድ ይታገሡ፤ በቢጫ ገብቶ ያላለቀለት ሳይክለኛ ካለ ያልፋል። ከፊት የሚመጣ ሳይክለኛ ሲያዩ ደግሞ ረጅም መብራትዎን ለመኪና እንደሚያወርዱት ሁሉ ያውርዱለት። ዓይኑ የተንጸባረቀበት ሰው ለብዙ ሰከንዶች የሚሄድበትን አያይም፣ ሊሸሽ ብሎ ወደ እርስዎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ቀይ ላይ መቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ጨለማ ነው። ቆሜ መጠበቁን ነው የምፈራው። ስልኬን የነጠቁኝም እንዲሁ ቆሜ ሳለ ነው።

መልስ፦ እህታችን፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፣ «ሕግ ሕግ ነው» ብለን አናልፈውም። የምንመክርዎ መቆምዎን የሚያሳጥርና ከቆሙም በፍጥነት የሚያስነሳዎትን ዘዴ ነው።

በአገራችን ከተሞች ያሉት መብራቶች በአብዛኛው የሚሠሩት በተቆረጠ ሰዓት ነው፤ መኪና መጣም አልመጣም ጊዜያቸውን ጠብቀው ይቀያየራሉ። ይህ ለእርስዎ ይጠቅማል። በየቀኑ የሚያልፉበትን መብራት ጥቂት ቀን በልብዎ ይቁጠሩ፤ ቀዩ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ያውቁታል። ከዚያ ቀይ ሲሆን ከሩቅ ካዩት ፔዳል መርገጥዎን ተዉና በእርምጃ ፍጥነት ይቅረቡ። የሚንቀሳቀስን ሰው መንጠቅ የቆመን እንደመንጠቅ አይቀልም። ብዙ ጊዜ መስመሩ ጋ ሲደርሱ አረንጓዴ ይሆንልዎታል።

መቆም ግድ ከሆነ መስመሩ ላይ መቆም የለብዎትም። የመንገድ መብራት ወይም ዘበኛ ያለበት ባንክ 15 ሜትር ቀደም ብሎ ካለ እዚያው ይቁሙ። ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ገባ ይበሉ፣ ከአጥር ጥግ የሚነሳ ሰው ሳያዩት እንዳይደርስብዎ። ማርሽ ያለው ሳይክል ከሆነ ከመቆምዎ በፊት ወደ ቀላሉ ማርሽ ይቀይሩ፤ ቆመው መቀየር አይቻልም፣ በከባድ ማርሽ መነሳት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። አንዱን ፔዳል ወደ ፊትና ከፍ አድርገው እግርዎን እላዩ ላይ ያኑሩ፣ በሌላው እግር መሬት ይርገጡ፤ አንድ ርግጫ ብቻ ያስነሳዎታል። ስልክ በእጅ አይሁን። ቦርሳው በትከሻ ሳይሆን በደረት ይታሰር።

ወደ ቀኝ የሚታጠፉ ከሆነ ደግሞ ወርደው ሳይክሉን በእግረኛ መንገድ እየገፉ ጥጉን መዞር ይችላሉ። የሚገፋ ሰው እግረኛ ነው፣ አስፋልቱን ስላላቋረጡ ቀዩን አልጣሱም። ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር አብሮ መውጣት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ጎን ለጎን ሳይሆን አንድ በአንድ ይሂዱ፣ ደህና የፊት መብራት ያለው ይምራ፣ ቀይ የኋላ መብራት ያለው ይከተል።

በእርግጥ ሰው ሊያጠቃዎ ሲመጣ አይተው ከሆነ ግን ይሂዱ። መስቀለኛውን ሰንጥቀው ሳይሆን ወደ ቀኝ ታጥፈው ይሂዱ፤ በዚያ በኩል የሚጠብቅዎ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ እሱም ከግራ የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ልጄ ማታ ይማራል፣ የሚሄደውም በአባቱ አሮጌ ፎኒክስ ሳይክል ነው። ዲናሞ አለው፣ ግን አንዳንዴ ይበራል አንዳንዴ አይበራም። ይበቃዋል ወይስ ሌላ ልግዛለት?

መልስ፦ ዲናሞው ጥሩ ነገር ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፣ እስከሄደ ድረስ ያበራል። ለመብራት መስቀለኛ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ሳይክሉ ሲቆም ዲናሞውም ይቆማል፣ መብራቱ ይጠፋል። ልጅዎ ሕግ አክብሮ ቀይ ላይ የቆመ ጊዜ ከኋላው ለሚመጣው መኪና የማይታይ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ዲናሞውን አስጠግነው በላዩ ላይ በባትሪ የሚሠራ ቀይ የኋላ መብራት ይጨምሩለት። አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎት ይህንን ይግዙ።

ዲናሞው አንዴ በርቶ አንዴ የሚጠፋባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም። ከዲናሞው የሚወጣው ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ መመለሻው የሳይክሉ ቴላዮ (የብረት አካሉ) ራሱ ነው። ዲናሞው ከቴላዮው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ቀለም ወይም ዝገት ካለው ኤሌክትሪኩ አይመለስም። ማሰሪያውን ፈተው ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገው መልሰው ያጥብቁት። የመብራቱ ማሰሪያም እንደዚያው። ጎማው ላይ የሚሽከረከረው ራሱ ደግሞ አቀማመጡ መስተካከል አለበት፤ በዲናሞው ቁመት ልክ መስመር ቢሰመር በቀጥታ በሞዞው (በጎማው እምብርት) መሐል ማለፍ አለበት። ከዚያ ካጋደለ ጎማውን ይበላል፣ ዝናብ ላይም ይንሸራተታል። ጎማው ሳይነፋ ሲቀርም ዲናሞው በደንብ አይጫነውም።

አምፖል ሲቀየር ልኩን መጠበቅ ያስፈልጋል። የተለመደው የሳይክል ዲናሞ 6 ቮልትና 3 ዋት ነው፣ ለፊቱ 2.4 ዋት፣ ለኋላው 0.6 ዋት ይደርሰዋል። የፊቱ የተቃጠለ እንደሆነ ኃይሉ ሁሉ ወደ ትንሿ የኋላ አምፖል ሄዶ ወዲያው ያቃጥላታል። «የኋላው አምፖል በየሳምንቱ ይቃጠላል» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ብዙውን ጊዜ ፊት ነው ያለው።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉት ጎኑ ነው። መስቀለኛ ላይ የሚገጨው መኪና የሚመጣው ከጎን ነው፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ የፊቱም የኋላውም መብራት አይታይም። በጭነት መኪኖች ላይ የሚለጠፈውን አንጸባራቂ በቁራጭ ይግዙ። ከነጩ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ቁራጮች በየጎማው ራጂዎች (ቀጫጭን ሽቦዎች) ላይ አራት አራት ያድርጉለት፣ ሲሽከረከር ዓይን ይስባል። ቀዩን ከኋላ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ላይ ይለጥፉ፤ ቀይ ነገር ግን በፍጹም ከፊት አይደረግ፣ ሾፌሩ ሳይክሉ ከፊቱ እየራቀ ነው ብሎ ያስባል። ፔዳሎቹ ላይ ቢጫ አንጸባራቂ ካለ ወልውለው ያቆዩት፣ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሰው እንደሆነ ቶሎ ያሳውቃል። አንጸባራቂ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ነው የሚሠራው፣ መብራትን አይተካም።

ነጭ ልብስ ከጥቁር ይሻላል። ሴቶች ልጆች ካሉዎት ግን ነጠላ ለብሰው በሳይክል ሲወጡ ጫፉ አይንጠልጠል፣ በወገብ ይታሰር። ራጂ ወይም ካቴና ውስጥ የገባ ነጠላ ሳይክሉን በቅጽበት ነው የሚገለብጠው።

ፍሬኑን ሳናነሳ አንለፍ። የአሮጌ ፎኒክስ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ክብ) ብረት ነው፣ ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ስለሚያሟልጨው መቆሚያው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ዝናብ ላይ መብራቱ ከመድረሱ 20 ሜትር ቀደም ብሎ ፍሬኑን በስሱ ይዞ ውሃውን መጥረግ፣ ከዚያ አጥብቆ መያዝ ይልመድ። የፍሬኑ እጀታ ሙሉ ሲጨበጥ መሪውን መንካት የለበትም፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን እንጂ ጎማውን አይንካ፤ ጎማውን ከነካ በልቶ ከለመዳሪያውን ያፈነዳዋል።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ የትራፊክ መብራቱም አብሮ ሲጠፋ ማን ነው ቅድሚያ ያለው? ቢጫው ብቻ ብልጭ ድርግም ሲልስ?

መልስ፦ ትራፊክ ፖሊስ ካለ የእሱ እጅ ከመብራቱም ከምልክቱም በላይ ነው። ፖሊስ ከሌለና መብራቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ መስቀለኛው መብራት እንደሌለው ይቆጠራል፤ ምልክት ካለ በምልክቱ፣ ከሌለ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ይሰጣል። አደባባይ ከሆነ ቅድሚያው ቀድሞ ለገባው ነው። ቢጫ ብልጭታ «ቀንስ፣ አይተህ እለፍ» ነው፣ ቀይ ብልጭታ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ቁም፣ አይተህ እለፍ» ነው።

ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን የመንገድ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሳይክለኛው በቀኝ መምጣቱን ተማምኖ እንዳይገባ። ሾፌሩ የጠፋውን መብራት ራሱን ላያየው ይችላል፤ መስቀለኛ መሆኑን ሳያውቅ በሙሉ ፍጥነት ያልፋል። በእርስዎ በኩል ያለው ብቻ ጠፍቶ የማዶው ሲበራ ካዩ የእርስዎን እንደ ቀይ ይቁጠሩት፣ የተቃጠለው የቀዩ አምፖል ሊሆን ይችላል። ቀዩ ከ3 ደቂቃ በላይ አልቀየር ካለ ደግሞ ተበላሽቷል፤ ወርደው በዜብራው እንደ እግረኛ ይሻገሩ፣ በማግሥቱም ለትራፊክ ፖሊስ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ በዲላ መስመር ጭነት የምነዳ ሾፌር ነኝ። ጭነት ይዤ ቢጫ ሲበራብኝ መቆም አልችልም፣ ካለፍኩ ቀይ ይሆናል። ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሚሉት እውነት ነው፤ መውጫም አለው። በ50 ኪሎ ሜትር ሲመጡ አይተው እግርዎን እስኪያነሱ 21 ሜትር፣ የንፋስ ፍሬኑ አየር እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ማለትም 7 ሜትር፣ ከዚያ ጭነቱን ይዞ ለመቆም 19 ሜትር፣ በጠቅላላው 47 ሜትር ይፈልጋሉ። በ3 ሰከንድ ቢጫ ውስጥ ግን የሚጓዙት 42 ሜትር ብቻ ነው። ቢጫው 45 ሜትር ላይ ከያዘዎ ለመቆምም ለማለፍም አይበቃዎትም። በ30 ኪሎ ሜትር ሲሆን መቆሚያው 24 ሜትር፣ በ3 ሰከንድ የሚጓዙት 25 ሜትር ነው። ወጥመዱ የለም፤ ወይ ይቆማሉ ወይ ያልፋሉ።

እንግዲህ ከተማ ውስጥ መብራት ከሩቅ ሲያዩ፣ አረንጓዴም ቢሆን፣ ማርሽ ቀንሰው 30 ይያዙ። አረንጓዴው ሲበራ ካላዩት ሊያልቅ ነው ብለው ያስቡ። ክላክስ እየነፉ መግባት መፍትሔ አይደለም። ሳይክለኛው ድምፁ ከየት እንደመጣ እስኪለይ ይቆማል፣ የሚቆመውም መሐል ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ሳይክል ቀይ መብራት ማለፍ ተፈቅዶለታል ይባላል። እውነት ከሆነ እኛስ ለምን አይፈቀድልንም?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሳይክል የተለየ ሕግ አለ፤ ዛሬ ባለበት መልኩ ሳይክለኛው ቀይ ላይ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ለሌላው ሁሉ ቅድሚያ ሰጥቶ፣ ከዚያ ነው የሚያልፈው። በፓሪስ ደግሞ የሚፈቀደው ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በተሰቀለበት መስቀለኛ ብቻ፣ ምልክቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ ተሰጥቶ ነው። ሁለቱም ቅድሚያ ሳይሰጡ ማለፍን አይፈቅዱም።

እንዲህ ያለ ፈቃድ በአገራችን የለም፣ አሁን ባለው ሁኔታም ባይኖር ይሻላል እንላለን። እዚያ ሳይክለኛው መብራት አለው፣ አስፋልቱም በርቷል፣ ሾፌሩም ሳይክል እንደሚመጣ ይጠብቃል። ከከተማው የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊት የቀዩ ጊዜ ይጠር። ለቀን ትራፊክ የተሞላ ረጅም ቀይ ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ሰውን ያሰለቻል፣ የተሰላቸ ሰው ደግሞ ይጥሳል። ሌሊት ሁሉንም ወደ ቢጫ ብልጭታ መቀየር ግን አንደግፍም። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ሌሊት በብልጭታ የነበሩ መስቀለኞች ወደ መደበኛ መብራት ሲመለሱ የጎን ግጭት ቀንሷል።

ጥያቄ፦ ቀይ ላይ ተሳቢ ቆሞ ሳገኝ በቀኙ በኩል ገብቼ ከፊት ጎማው አጠገብ እቆማለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ እዚያ አይቁሙ። ከፍ ብሎ የተቀመጠው ሾፌር በቀኝ የፊት ጎማው አጠገብ ያለውን ሰው አያየውም፤ ሌሊት ደግሞ የጎኑ መስታወት ጥቁር ብቻ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጭንቅላቱ ሰፋ ብሎ ወጥቶ ይዞራል፣ የኋላ ጎማዎቹ ግን ጥጉን ቆርጠው እርስዎ የቆሙበት ላይ ይመጣሉ። ፍሬቻ አለማብራቱ ምንም አያረጋግጥም። ከኋላው ሦስት ሜትር ርቀው፣ ትንሽ ወደ ግራ ብለው በመስታወቱ ውስጥ ይቁሙ። የሾፌሩን ፊት በመስታወቱ ካላዩ እሱም አላየዎትም። አረንጓዴ ሲበራ ተሳቢው መስቀለኛውን ጨርሶ እስኪወጣ ይጠብቁና ይነሱ።